በፊልሙ ውስጥ የሌለው ሬሳ

ኪዳነወልድ የሚባለው ሰው የሰደበኝ ሚያዝያ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ ከፍ ብሎ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። ቆጥሬያቸዋለሁ።

ፊልም እየቀረጹ ነበር፤ እኔ ፖሊስ ነኝ፣ ለጥበቃ ተመድቤ ነው የቆምኩት። ፖሊስ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ቀረና ኪዳነወልድ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ፣ ዩኒፎርሙም አለህ፣ ና ይቺን በል» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። አንድ መስመር ናት። እኔ ደግሞ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ በሰው ፊት ሳነብ ፊደሉ ይሮጥብኛል። ሁለት ጊዜ ተሰናከልኩ። በሦስተኛው ወረቀቱን ከእጄ መንጭቆ፣

«ኧረ ፖሊስ የሚመስል ሰው አምጡልኝ! ይሄ እኮ ፖሊስ ሳይሆን ዩኒፎርም የሰረቀ ሰው ነው የሚመስለው» አለ።

አሥራ አንዱም ሳቁ። ሜካፕ የምትቀባዋ ልጅ እንዲያውም ብሩሿን ጥላ ነው የሳቀችው።

መልስ አልሰጠሁትም። መልሱ የመጣልኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉን እያሳመርኩ፣ አንዱን እየቀነስኩ ሌላውን እየጨመርኩ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ ይዤው ኖርኩ።

ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት አንባቢ እንዳይታለልብኝ ነው። የምጽፈው ስለ አንድ ሰው አሟሟት ምርመራ ነው። መርማሪው ግን ቂም ያለበት ሰው ነበር፤ ከበሩ ላይ እወቁት።

የካቲት 16 ቀን 2017፣ እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ሰበታ ወዳለ አንድ የፊልም አዳራሽ ተጠራሁ። አዳራሹ የገበያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊልሙን የሚያጫውቱበት ክፍል ለብቻው በጓሮ በኩል በብረት ደረጃ ይወጣበታል። ሰውየው ከደረጃው ሥር ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ጃኬቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ሸፍኖታል።

የአዳራሹ ባለቤት ወይዘሮ ሰናይት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰዉን ትከለክላለች። ድሮ ቆርቆሮና ሚስማር ትሸጥ ነበር፤ ድምጿ ገና ከዚያ ሥራ አልወጣም።

«ማነው ያገኘው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ! ፊልሙ አለቀና ስም መውረድ ጀመረ። ሁለት ሦስት ስም እንደወረደ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። መብራት የሚያበራ የለም፣ ሰዉ ይጮሃል። ወጥቼ ባይ ክፍሉ ባዶ ነው። መብራቱን አብርቼ ስወርድ፣ ስወጣ በጥድፊያ ያላየሁት ሰው እዚህ ጎኑ ላይ ተዘርግቷል። ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር።»

«ማነው እሱ?»

«ምን አውቄ? ሰካራም መስሎኝ ነበር። ደሙን ሳይ ማንም እንዳይነካው አልኩ። ፖሊስ ሳይመጣ ሬሳ እንደማይነካ በስንት ፊልም አይቻለሁ።»

እውነቷን ነው፤ ማንም አልነካውም። ፎቶ ተነሥቶ፣ ተለክቶ፣ ሰውየውን ያገላበጥኩት አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። መታወቂያውን ከኪሱ አወጣሁ። ሰናይት ፊቱን ስታይ ደረቷን መታች።

«ወንዲ! ማሽኑን ሲያጫውት የነበረው ወንዲ! እኔ እኮ ዲስኩን ይዞ የሄደ መስሎኝ!»

ወንዲ የፊልሙ ኤዲተር ነው፤ ቆርጦ የሚቀጥለው። እዚህ አካባቢ ልማዱ እንዲህ ነው፦ ፊልም ሠሪዎቹ አዳራሾቹን አያምኑም። ፊልሙ ያለበትን ዲስክ የራሳቸው ሰው ይዞት ይመጣል፣ ማሽኑ አጠገብ ይቀመጣል፣ መጨረሻ ላይ ስም መውረድ ሲጀምር ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል። የወንዲን ኪስ ፈተሽኩ፣ ክፍሉን ፈተሽኩ። ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነው፣ ገመዱ ተንጠልጥሏል። ዲስኩ የለም።

«የፊልሙ ባለቤት ማነው?»

ሰናይት በአገጯ ግድግዳውን አሳየችኝ። ትልቅ ፖስተር ነው። ጥቁር ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ የወጣ የሰው እጅ፣ በቀይ ደግሞ «አሥራ ሁለት ክንድ፤ በሱሉልታ በእውነት የተፈጸመ አሰቃቂ ታሪክ» ይላል። ከታች በትንንሹ የተጻፈውን ለማንበብ ቀረብ አልኩ። ኪዳነወልድ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ዕለት ፊደሉ አልሮጠብኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ደወልኩለት። ሰዓቱን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሰው ስለማላምን ሁሉንም እጽፋለሁ።

«ወንዲ የሚባል ሠራተኛ አለዎት?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ሞቷል።»

«ምን? ወንዲ? የኛ ወንዲ? ኧረ በስመ አብ! እኔ ቡራዩ ነኝ፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

የት ነህ ብዬ አልጠየቅሁትም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ይህን ለኢንስፔክተር ዕድላዊት ነገርኳት። የቡድናችን ኃላፊ ናት፤ ዲግሪ አላት፣ ልጄ ትሆናለች በዕድሜ። የምጽፈውን ሪፖርት በቀይ እስክሪብቶ ታርምብኛለች፤ እሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ክፉ ግን አይደለችም።

«ጋሼ፣ ስለዚህ ሰውዬ እዚህ ቢሮ ውስጥ ያልሰማ የለም» አለችኝ። «ጥበቃው ሳይቀር ያውቃል። ነገ ጠበቃው 'መርማሪው ቂም አለበት' ቢል ምን እላለሁ?»

«ሳልጠይቀው ቡራዩ ነኝ አለ እያልኩሽ!»

«የደነገጠ ሰው ይቀባጥራል። ቡራዩ ደውዬ አረጋግጫለሁ። የስምንት ሰዓቱን ፊልም መድረክ ላይ ወጥቶ ከፍቷል፤ ማታም እዚያው ነበር ብለውኛል። ማስረጃ ያምጡልኝ እንጂ ፊቱን አስጠልቶኛል አይበሉኝ።»

ኪዳነወልድ በአራት ሰዓት ራሱ መጣ። ጥቁር ነጠላ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፤ ዓይኑ አብጧል። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አየኝ፤ ምንም። እንደ ወንበር ነው ያየኝ።

«ፊልሙ የግድያ ነው?» አልኩት።

ትንሽ አፈረ። «አይደለም። ኮሜዲ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ የባለግቢዋን ልጅ ይወድና…»

«ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሬሳስ?»

«እሱ ለማስታወቂያው ብቻ ነው የተቀረጸው። ፊልሙ ውስጥ የለም።»

«በእውነት የተፈጸመ የሚለውስ?»

«ሳጅን፣ ሰው ለሳቅ ከቤቱ አይወጣም። ሬሳ አለ ካሉት ግን ጎረቤቱን ጠርቶ ይመጣል። አንዴ ከገባ በኋላ ይስቃል፣ ይረሳዋል፤ ያልነው እንደዚያ ነበር።»

«ረሳው?»

«ቅዳሜ ሱሉልታ ስናስመርቅ ወንበር ተሰበረ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ወንዲን አንገቱን ይዞ 'ሰበታ ነው የምትመጣው አይደል፣ አገኝሃለሁ' ብሎታል። ባጃጅ ነጂ ነው አሉ፤ መገርሳ የሚሉት።»

ከመሄዱ በፊት ዲስክ ሰጠኝ። «ይሄ የቡራዩ ነው። ሦስት ቅጂ ነው ያለን፤ ሦስቱም አንድ ናቸው።»

እኔና ዕድላዊት ተቀምጠን አየነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ ሳቅ ነው የሚፈልገው። ቆፋሪው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ለልጅቷ ይዘፍናል፤ አባትየው ባልዲ ይወረውርበታል። መጨረሻ ላይ ሰርግ። ሬሳ ቀርቶ የሞተ ዶሮ የለበትም።

መገርሳን ያገኘነው ሰበታ አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጁን ሲያጥብ ነው። አልሮጠም። ጣቢያ አስገብቼ አስቀመጥኩት።

«ወንዲን አስፈራርተሃል?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ኦቦ ሳጅን፣ ቀጄላ የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። ሱሉልታ፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ ሥራ ልሂድ ብሎ ወጣ፤ በቃ። ባለፈው ሳምንት በእናቴ በር ላይ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ቆመ። 'በሱሉልታ የጠፋው ወጣት የት ገባ? በእውነት የተፈጸመ! ቅዳሜ እውነቱ ይወጣል!' ሲል ዋለ። እናቴ ቅዳሜ በጠዋት ሄዳ ተሰለፈች። ትኬት አለቀ፣ አልገባችም። በር ላይ ቆማ የሚወጣውን ሰው ሁሉ 'ልጄን አያችሁት?' ትል ነበር። ሰዉ እየሳቀባት ያልፋል፤ ያየው ነገር ሰርግ ነዋ! አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እሑድስ የት ነበርክ?» አልኩት።

«እሷን ይዤ እዚህ ሰበታ አዳራሹ ውስጥ። ሌላ ሰው የነገራትን አላመነችም፤ በዓይኔ ካላየሁ አለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠን አየን።»

«እስከ መጨረሻ?»

«እስከ መጨረሻ። ሬሳውን ከጉድጓዱ እስኪያወጡት ድረስ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሬሳ በማስታወቂያው ላይ እንጂ በፊልሙ ላይ የለም። ይሄ ልጅ ማስታወቂያውን በስልኩ አይቶ፣ በፊልሙ ሰዓት ደግሞ ጓሮ ደረጃው ላይ ነበር ማለት ነው። ዲግሪ ሳይኖረኝ፣ በአንዲት ቃል ያዝኩት። ዕድላዊት ራሷ «ጎበዝ ጋሼ» አለችኝ። አሠርኩት።

ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሲገባ ዞር ብሎ «ፊልም ውስጥ ከሌለ እኛ ያየነው ምንድነው?» አለኝ። ቀጣፊ ነው ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ ግን ነገሩ ይበላሽ ጀመር። በእሑዱ ፊልም ላይ የነበሩ ሰዎችን ለማነጋገር ዞርኩ። አንዷ ፀጉር ቤት ያላት ናት፣ አንዱ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ሁለቱ ደግሞ በቅርቡ የተጋቡ ከአዲስ አበባ የመጡ ተከራዮች። አራቱም አዳራሹ ውስጥ የተነሡት ፎቶ አላቸው። አራቱንም ለየብቻ ጠየቅሁ።

«መጨረሻው እንዴት ነበር?»

«ሰርጉ ካለቀ በኋላ ሬሳውን ሲያወጡት ነዋ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ሲያስጠላ! ስንስቅ ቆይተን ደርቀን ቀረን።»

አራቱም እንደዚያው አሉ።

ደብተሬን ለዕድላዊት አነበብኩላት። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

«ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ ጋሼ። ሰው አየሁ የሚለው የተነገረውን ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሞንታርቦ ሬሳ፣ ሬሳ ተብሎለታል፤ ፖስተሩ በየግንቡ ነው፤ ማስታወቂያው ስልኩ ላይ ነው። አእምሮው ባዶውን ይሞላዋል። አይዋሹም፤ ግን አላዩም።»

«ታዲያ መገርሳም እንደነሱ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናላ?»

«ይሆናል። ወይም ላይሆን ይችላል። ያቺ ቃል እንግዲህ አትይዘውም፣ ነፃም አታወጣውም። ዛቻው ግን አለ፤ በሰዓቱ ቦታው ላይ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ አየሁት የሚል ከእናቱ ሌላ ሰው የለም። አለቃ ሐሙስ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሂድ ብለዋል።»

ያስተማሯት ትክክል ሳይሆን አይቀርም። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ኪዳነወልድ ወንጀለኛ እንዲሆንልኝ ስለምፈልግ ነው የምጠራጠረው? ወይስ ቂመኛ እንዳልባል ፈርቼ ነው ምስኪኑን ልጅ በአንድ ቀን ያሠርኩት? ራሴን ልክ እንደ ተጠርጣሪ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ጠየቅሁት። የሚያረካ ቃል አልሰጠኝም።

ረቡዕ ጠዋት የመገርሳ እናት መጡ። አደ ሎሚ ይባላሉ። ከሱሉልታ በሦስት ታክሲ ነው የመጡት። በፌስታል ዳቦ ይዘዋል።

«አካም ጅርቱ፣ አደ?» አልኳቸው። ኦሮምኛዬ ሰበር ያለ ነው፤ እሳቸው ግን ደስ አላቸው።

«ደህና ነኝ፣ ኢልመኮ» አሉኝ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ልጄን መቼ ትለቀዋለህ?»

«እሑድ ከመገርሳ ጋር ነበሩ አሉ፤ ፊልሙ ላይ።»

«ነበርኩ። ቀኝ እጄን ይዞኝ ነበር። እስኪያልቅ አልለቀቀኝም።»

«ምን አዩ?»

«ሳቅ አየሁ። ሰዉ ይስቃል፣ እኔ እጠብቃለሁ። ከሰርጉ በኋላ ሰውየውን አወጡት።» ዳቦውን ከአንዱ ጭናቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «ቀጄላ አይደለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ፊቱን አላሳዩም። መጀመሪያ እጁ መጣ። ቀጥሎ በገመድ እየሳቡ እግሩን። ባዶ እግሩን ነው። የቀጄላ የግራ እግሩ ትንሿ ጣት የለችም፤ ሕፃን ሆኖ መጥረቢያ ቆርጧታል። የዚያኛውን እግር ቆጠርኩ። አምስቱም ጣቶቹ አሉ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አልቸኮልኩም። ደግሜ ቆጠርኩ። የሌላ ሰው ልጅ ነው። እናቱ ሰምታ ይሆን?»

ተዋናይ ነው፣ አልሞተም፣ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ይልቅ ስልኬን አወጣሁና ማስታወቂያውን ከፈትኩት። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። አየሁት፤ ደግሜ አየሁት፤ አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት። ጉድጓድ አለ፣ ገመድ አለ፣ እጅ አለ። እግር የለም። ፖስተሩም ላይ እግር የለም።

ዕድላዊት ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

«አእምሮ ባዶውን ይሞላል ብለሽኛል።»

«አዎ?»

«የልጇን ሬሳ ፍለጋ የሄደች እናት አእምሮ ቢሞላማ የልጇን እግር ነበር የሚሞላው። አራት ጣት። እሷ ግን አምስት ቆጠረች! ያልጠበቀችውን ነው ያየችው። ያ እግር ደግሞ ማስታወቂያው ላይ የለም። ስለዚህ እሑድ እዚህ ሰበታ ስክሪኑ ላይ ነበር።»

ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሦስቱም ቅጂ አንድ አይደሉማ» አለች ቀስ ብላ።

«የሰበታው ሌላ ነበር። የጠፋውም እሱ ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው ያለን ማነው?»

መኪና አልነበረም። በሚኒባስ፣ ሁለት ጊዜ ቀይሬ ቡራዩ ገባሁ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅም። በስልክ የሚጠይቁት ሰው የጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልሰው።

የቡራዩ አዳራሽ ትኬት ቆራጭ ሰብሪያ ትባላለች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ጉልበቷ ላይ የሱፍ ፈትል ይዛ ትሠራለች።

«እሑድ ኪዳነወልድ እዚህ ነበር?»

«ነበር። ለኢንስፔክተሯም በስልክ ነግሬያታለሁ።»

«ከስምንት ሰዓት እስከ ማታ ሲዘዋወር አይተሽዋል?»

«እሱንማ አልጠየቀችኝም። ስምንት ሰዓት ላይ መድረክ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰዉ ማፏጨት ሲጀምር በዚህ በር እየደወለ ወጣ። 'ምን ጨመርክበት? ማን ፈቀደልህ?' እያለ ይጮህ ነበር። የተመለሰው የሁለተኛው ፊልም ሊጀመር ሲል ነው፤ አሥር ሰዓት ተኩል። ግን ፊልሙ አልታየም።»

«ለምን?»

«ምን ለምን አለው? ሰው ሞቶበት ኮሜዲ ያሳያል እንዴ? ራሱ ነው በእጁ ጽፎ የለጠፈው። ያውና።»

በሩ ላይ፣ ከጉድጓዱ ፖስተር በላይ፣ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ነበር። ጥጉ በነፋስ ተቀዷል። እንዲህ ይላል፦ «ባልደረባችን ወንዲ በድንገት ስለተለየን የዛሬው የአሥር ሰዓት ተኩል ፊልም አይታይም። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«አሥር ሰዓት ተኩል ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰዉ ተሰልፎ ነበር እኮ! እያለቀሰ ነው የለጠፈው። እኔም አብሬው አለቀስኩ።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ሬሳው የተገኘው ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይ። የማን መሆኑ የታወቀው ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ። እኔ የደወልኩለት አሥራ አንድ ከአምስት። በአሥር ተኩል ወንዲ መሞቱን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ወረቀቱን እንዳይቀደድ አድርጌ ከፖስተሩ ጋር አነሣሁት።

ቆሜ አሰብኩት። ይህ ሰው በሦስት ከተማ ግንብ ላይ ውሸት ሲለጥፍ ከርሟል፤ አንድም ሰው አልያዘውም። እውነት የለጠፈው አንድ ቀን ብቻ ነው። ገንዘቡን አላሰበም፣ ራሱን አላሰበም፤ የባልደረባው ሬሳ መሬት ላይ ተኝቶ ሰው ማሳቅ አልሆነለትም። ክፉ ሰው እንዲሆንልኝ ስድስት ዓመት ስመኝ ነበር። ይሄኛው ግን በደግነቱ የተያዘ ሰው ነው። ተናደድኩ።

ሐሙስ ጠዋት መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ከሥሩ ደብተሬን ከፍቼ አስቀመጥኩ፤ ጽሑፌ አያምርም፣ ሰዓቱ ግን ይነበባል። ዕድላዊት ጎኔ ተቀምጣለች።

የወረቀቱን የተቀደደ ጥግ በጣቱ አስተካከለ።

«ሱሉልታ በር ላይ የቆመችውን ሴትዮ ወንዲ አይቷት ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሌሊቱን ሳይተኛ የሬሳውን ቀረጻ የሰበታው ዲስክ መጨረሻ ላይ ቀጠለው። በስልክ ሲነግረኝ አበድኩ። ፊልሜ በሰርግ ነው የሚያልቀው! ደርሼ ደረጃው ላይ ጠራሁት። 'ዋሽተናታል፤ ቢያንስ የዋሸናትን ነገር እናሳያት' አለኝ። ዲስኩን ነቅዬ ስወጣ ያዘኝ። ገፋሁት። ገፋሁት እንጂ… የደረጃው መደገፊያ ብረት አጭር ነው፣ አይታችሁታል። ከወደቀ በኋላ ስሙን ጠራሁት።»

«ዲስኩስ?»

«መኪናዬ ውስጥ፣ ትርፍ ጎማው ሥር ነው። ልጥለው ነበር። አልቻልኩም።»

ወርደን አወጣነው። ዕድላዊት ከፈተችው። ከሰርጉ በኋላ ስክሪኑ ጨለመ፤ እጁ መጣ፣ ገመዱ መጣ፣ እግሩ መጣ። ሁለታችንም በጣታችን ቆጠርን። አምስት።

መገርሳን ከሰዓት በፊት ለቀቅነው። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ስመልስለት ፊቴን አላየም።

«ኦቦ ሳጅን፣ አንተም እንደ ሰዉ ፖስተሩን አይተህ ነው የገባኸው» አለኝ።

እናቱ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው ተዋናይ መሆኑን፣ በሕይወት መኖሩን ነገርኳቸው። «እሰይ፣ እናቱ አላለቀሰችም» አሉ። ከዚያ «የእኔስ?» አሉ። የቀጄላን ፋይል ከሱሉልታ እንዲላክልኝ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ማመልከቻውን ራሴ ነው የጻፍኩት፤ ዕድላዊት አንብባ ምንም ሳታርም ፈረመችበት።

በዘጠኝ ሰዓት ኪዳነወልድን ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መኪና መጣ። እጁ ታስሯል። ኮሪደሩ ላይ እኔና እሱ ጎን ለጎን ቆመን የመኪናው በር እስኪከፈት ጠበቅን። ስድስት ዓመት ያሳመርኩት መልስ ምላሴ ላይ ነበር። ዘጠኝ ቃል ናት። በዚህ ጊዜ ሳልሰናከል እንደምላት አውቄ ነበር።

ዞር ብሎ አየኝ። አተኩሮ አየኝ፤ እንደ ወንበር አይደለም። ግንባሩን ቋጠረ።

«ሳጅን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…» አለ። «መጀመሪያ ካየሁዎት ጀምሮ ፊትዎ አዲስ አልሆነብኝም። ፊልም ላይ ፖሊስ ሆነው ሠርተው ያውቃሉ እንዴ?»

ኮፍያዬን አስተካከልኩ። የመኪናው በር ተከፍቶ ነበር፤ ለሹፌሩ በእጄ ምልክት ሰጠሁና በኮሪደሩ ወደ ቢሮዬ ሄድኩ።